ዳክዬ በዶሮ ፈንታ

የዳክዬ ነገር የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ቤቱን ጠርጎ ከወጣ በኋላ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ ሲያጉረመርም አንዲት ቄብ ከቆጡ ሥር አንገቷን ጠምዝዛ ትገኛለች። በማግስቱ አውራው ክንፉን ጥሎ አረንጓዴ ኩስ ይጥላል። ሳምንት ሳይሞላ ከአሥራ አምስቱ ዶሮ ሁለት ወይም ሦስት ቢተርፍ ነው። ያኔ ከከተማ የመጣ፣ ወይም የሩቅ አገር ገበሬ ዳክዬዎቹን በዘንግ ሲነዳ በስልኩ ያየ አንድ ልጅ፣ «እማዬ፣ ለምን ዳክዬ አናረባም? እሷኮ በፈንግል አትሞትም ይላሉ» ይላል። እናት ብዙ ጊዜ መልስ አትሰጥም፤ ሣቅ ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ጥያቄው ግን በሣቅ የሚታለፍ አይደለም። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ዳክዬ ለደጋው ለመንዝ አየርና ጨፌ ከዶሮ የማታንስ፣ በአንዳንዱም የምትበልጥ ወፍ ናት። ለመንዝ ቤት፣ ለመንዝ ማዕድና ለመንዝ ገበያ ግን አትሆንም። ይህን እንዲሁ ከመደምደም ይልቅ የሁለቱን ወፎች ሂሳብ ጎን ለጎን ማስላት ይሻላል፤ ምክንያቱም የዳክዬዋ ሂሳብ ሲሰላ ዶሮዋን በምን እያጣናት እንደሆነም ይታያል።

መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ትላለች። በዙሪያዋ ገብስ፣ ባቄላና ስንዴ ይዘራል፤ ዋናው ሀብት ግን በግ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት የኩሬው ዳር ላይ ስስ በረዶ ይታያል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ሽቅብ የሚዘረጋው የጓሳ ምድር አለ፤ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ፣ የብዙ ወንዞች መነሻ፣ ሕዝቡ ለዘመናት በራሱ ደንብ ሲጠብቀው የኖረ የሣር አገር። እንዲህ ባለ አገር ዶሮ የምታድረው ከሰው ጋር ነው። ከድንጋይ ቤቱ ውስጥ፣ ከምድጃው ብዙም ሳይርቅ፣ ቆጥ ላይ። የእሳቱ ሙቀት ለእሷም ይደርሳል፤ ሸለመጥማጥ አይደፍራትም፤ ጠዋት በሩ ሲከፈት ወጥታ ከአውድማውና ከአመድ መድፊያው ትጭራለች።

የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። እሱም ባንዴ አይደለም፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ያህል ትጥልና ትታቀፋለች፤ 21 ቀን ትቀመጣለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን ይዛ ወር ሁለት ወር ትዞራለች። ከተፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው በጭልፊት፣ በብርድና በበሽታ ቢያልቁ የሚደነቅ ሰው የለም። የእርባታ ባለሙያዎች ይህን ሲያዩ «ምርቷ ዝቅተኛ» ብለው ይጽፋሉ። እውነት ነው። የማይጽፉት ግን ወጪዋን ነው። መኖ አትጠይቅም፤ እፍኝ ገብስ፣ የተበጠረ እንክርዳድ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ ይበቃታል። ገንዘቧም የእናት ገንዘብ ነው። በግ ሲሸጥ አባወራው ያውቃል፤ እንቁላልና ዶሮ ሲሸጥ ግን ጨው፣ ቡና፣ የልጅ ደብተር ተገዝቶ ይመጣል እንጂ ማንም ሂሳብ አይጠይቅም። ስለዚህ «ዶሮዋን በዳክዬ እንተካ» የሚል ሰው የወፍ ለውጥ ብቻ ያቀረበ እንዳይመስለው፤ በቤቱ ውስጥ የማን ቦርሳ እንደሚነካም ማወቅ አለበት።

ዶሮ በዚህ አገር የቆየችበት ዘመንም ቀላል አይደለም። በትግራይ፣ መዝበር በተባለ ጥንታዊ የሰፈራ ቦታ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በዘጠነኛውና በስድስተኛው ክፍለ ዘመን መካከል ይመደባሉ፤ በአፍሪካ ከታወቁት እጅግ ጥንታዊ የዶሮ ቅሪቶች መካከል ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ዶሮዋ ከደጋው ብርድ ጋር ተላምዳለች። የቤት ዳክዬ ግን በምሥራቅ እስያ ከዱር ዳክዬ ተላምዳ፣ ሌላዋ ሙስኮቪ የምትባለው ደግሞ ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ ተነሥታ ዓለምን ስታዳርስ ወደ ደጋችን ቤት አልገባችም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ዳክዬ በፈንግል አትሞትም?

በአብዛኛው አትሞትም። የፈንግል ቫይረስ ወደ ዳክዬ ሰውነት ይገባል፤ ይባዛልም፤ ነገር ግን ዶሮን በሦስት ቀን የሚገድለው ዝርያ ዳክዬዋን ብዙ ጊዜ አያሳምማትም። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ያልታመመች ዳክዬ ቫይረሱን በኩሷ ትዘራለች። እሷ ጤነኛ ሆና ስትዞር የጎረቤት ዶሮ ያልቃል፤ ከየት እንደመጣም አይታወቅም። ስለዚህ ፈንግልን ሽሽት ዳክዬ አምጥቶ ከተረፉት ሦስት ዶሮዎች ጋር ማዋል፣ በሽታውን ከመሸሽ ይልቅ ቤት ሰጥቶ ማኖር ሊሆን ይችላል። የወፍ ጉንፋን ለሚባለው በሽታም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በደቡብ ቻይና በዝይ ላይ የተገኘው የኤች5ኤን1 ዝርያ በኋላ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ብዙ ዳክዬዎች ምልክት ሳያሳዩ ቫይረሱን መሸከማቸው መቆጣጠሩን አክብዶታል። ዳክዬ የራሷ በሽታም አላት፤ የዳክዬ ወረርሽኝና ጫጩቶቿን በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው የጉበት በሽታ በዓለም የዳክዬ አርቢዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው።

በብርድ በኩል ግን ዳክዬዋ ያለ ጥርጥር ትበልጣለች። ከጅራቷ ሥር ካለው ዕጢ ቅባት እየወሰደች ላባዋን ትቀባለች፤ ከላይኛው ላባ ሥር ያለው ጥጥ የመሰለ ላባ ሙቀቷን ይይዛል። እግሯ ባዶ ቢሆንም ወደ እግር የሚወርደው ሞቃት ደምና ከእግር የሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን በሚሄዱ የደም ሥሮች ሙቀት ስለሚለዋወጡ፣ በበረዶ ላይ ቆማ የሰውነቷን ሙቀት አታባክንም። ዶሮ ራሷ ላይ ያለው ሥጋ በውርጭ ሊጎዳ ይችላል፤ ዳክዬ እንዲህ ያለ ነገር የላትም። የመንዝ የኅዳር ሌሊት የሚያስፈራት ወፍ አይደለችም።

በእንቁላልም ቢሆን ወረቀት ላይ የሚያማልል ቁጥር አላት። ካኪ ካምቤል የሚባለው ዝርያ እንግሊዝ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አንዲት ካምቤል የተባሉ ሴት ያወጡት ነው፤ በጥሩ አያያዝ በዓመት ወደ 300 እንቁላል ይጥላል። የአንዱ እንቁላል ክብደት 70 ግራም ገደማ ነው፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም አካባቢ ነው። አስኳሉ ትልቅ ስለሆነ ለዳቦና ለኬክ ይወደዳል። እዚህ ላይ ግን አንባቢዬ አንድ ነገር ልብ ይበል። ይህ 300 የሚባለው ቁጥር የተገኘው ፕሮቲኑ በተመጠነ መኖ ነው። ዳክዬዋን ከአውድማ ላይ ብቻ ትልቀም ብለው ቢለቋት እንቁላሏ በብዙ ይወርዳል። የሐበሻዋን ዶሮ ያለ መኖ፣ የፈረንጇን ዳክዬ ከነመኖዋ ማወዳደር በገበያ ሚዛን ላይ ድንጋይ ደብቆ እንደ መመዘን ነው። የውጭ ዶሮዎቻችንም በየመንደሩ ሲከፋፈሉ ተስፋ የተሰጠውና በደጃፍ የተገኘው እንቁላል ያልተገጣጠመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለማያነሣው። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። እንቁላል በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይተነፍሳል፤ አየሩ ሲሳሳ በውስጡ ላለው ጽንስ የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል፣ ውሃውም በቀዳዳዎቹ ቶሎ ያመልጣል። በቆላ ወይም በወይና ደጋ የተጣለ እንቁላል ወደ እንዲህ ያለ ከፍታ አምጥቶ ማስታቀፍ ብዙ ጊዜ የሚፈለፈለውን ቁጥር የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ከቢሾፍቱ የመጣ ለም እንቁላል መሐል ሜዳ ላይ ሳይፈለፈል ቢቀር ጥፋቱን ሁሉ በታቀፈችው ዶሮ ላይ መጣል አይገባም። የዳክዬ እንቁላል ደግሞ 28 ቀን ይፈልጋል፤ የሙስኮቪዋ 35። ሰባት ወይም አሥራ አራት ቀን የበለጠ መቀመጥ ማለት በሳሳ አየር ውስጥ ያን ያህል ተጨማሪ ቀን ውሃ ማጣት ማለት ነው። ብዙ እንቁላል እንዲጥሉ የተመረጡት ዳክዬዎች መታቀፍን ከሞላ ጎደል ረስተዋል፤ ስለዚህ እንቁላላቸውን የምትታቀፈው መልሳ የሐበሻ ዶሮ ናት። አሥራ ሁለት የራሷን የምትሸፍን ዶሮ ከዳክዬ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቢበዛ ነው። «በዶሮ ፈንታ ዳክዬ» ያለው ሰው ዳክዬውን ለመፈልፈል ዶሮ ሊያስቀር ነው ማለት ነው።

ውሃስ? ዳክዬ የግድ መዋኛ አትፈልግም፤ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የምትፈልገው መንቆሯንና ዐይኗን ነክራ የምታጥብበት ያህል ጥልቀት ያለው ዕቃ ነው፤ አፍንጫዋ በመኖ ሲደፈን ካላጠበችው ትታመማለች። ደረቅ መኖ ያለ ውሃ ከበላችም ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። ስትጠጣና ስትረጭ ግን አንዷ ብቻ በቀን እስከ ሊትር ውሃ ትጨርሳለች። አሥር ዳክዬ ማለት በቀን አንድ አነስተኛ ጀሪካን ነው። በክረምት ይህ ጭንቅ አይደለም፤ መንዝ ጨፌ በጨፌ ነው። ጥርና የካቲት ላይ፣ ውሃ በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ በሚቀዳበት ወቅት ግን፣ ዳክዬዋ የምታንቦጫርቀው ውሃ የአንድ ሰው ልፋት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከባልና ከወንድ ልጅ ይልቅ ውሃ ቀጂዋ ብትጠየቅ ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ማደሪያው ነው። የዳክዬ ኩስ አብዛኛው ውሃ ነው። ዶሮ ቆጥ ላይ አድራ ሥሯ የሚጠረግ ደረቅ ኩስ ትተዋለች፤ ዳክዬ ብዙውን ጊዜ ቆጥ አትወጣም፣ መሬት ላይ ትተኛለች፣ ያደረችበትን ጭቃ ታደርገዋለች። ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ልትኖር አትችልም። ውጭ ቤት ይሠራላት ቢባል ድንጋይ በመንዝ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ጥበቃ ነው። ብዙም መብረር የማትችል፣ መሬት የምትተኛ፣ በጨለማ ስትደነግጥ የምትጮህ ወፍ ለሸለመጥማጥና ለጥርኝ የተመቻቸች ናት። ገለባ በየጊዜው ይነጠፍላት እንዳይባል ደግሞ ገለባው የከብትና የበግ መኖ ነው።

መኖዋን በተመለከተ ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ መልካም፣ አንዱ አስፈሪ። የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት እጥፍ ገደማ ናያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ትፈልጋለች። ካጣችው እግሯ ይወላገዳል፣ መራመድ ያቅታታል። የዶሮ ጫጩት መኖ ገዝቶ የሚሰጣት ሰው እግሯ ሲጣመም ብርድ መታት ይላል እንጂ ነገሩን አይደርስበትም። የእርሾ ዝቃጭ በዚህ ቫይታሚን የበለጸገ ስለሆነ፣ በሌላ አገር የዳክዬ አርቢዎች የቢራ እርሾ ይጨምራሉ። መንዝ ጠላ የሚጠመቅበት አገር ነው፤ በአተላው ውስጥ እርሾ አለ። በጥቂቱ፣ ጎምዝዞ ሳይበላሽ፣ ከሌላ ጥሬ ጋር ቀላቅሎ መስጠት ይቻላል። አስፈሪው ደግሞ ሻጋታ ነው። ከቤት ወፎች ሁሉ የሻጋታ መርዝ እንደ ዳክዬ የሚጎዳው የለም። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የፈረንጅ ዶሮዎች (በተለምዶ ቱርክ የምንላቸው) በማይታወቅ በሽታ አለቁ፤ ዳክዬዎችም አብረው ሞቱ። ምክንያቱ ከብራዚል የመጣ፣ ሻጋታ የያዘ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ አፍላቶክሲን የምንለው መርዝ የታወቀው በዚያ ምክንያት ነው። በጉድጓድ ተቀምጦ የሸተተ እህል፣ ሰው የናቀውን፣ «ለወፍ ይሁን» ብሎ መስጠት የተለመደ ነው። ለዶሮም ጥሩ አይደለም፤ ለዳክዬ ጫጩት ግን ሞቷ ነው።

እስካሁን ዳክዬዋን አሳነስኳት። ስለ እሷ የምከራከርበት ነገር ግን አለ፤ እሱም የበግ ነገር ነው።

የመንዝ በግ ጠላቱ ብዙ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ የጉበት ትል ነው። በጉ ይከሳል፣ ጸጉሩ ይነቀላል፣ ዐይኑ ውስጡ ይነጣል፣ ከመንጋጋው ሥር ውሃ ይቋጥራል። ትሉ ከበግ ወደ በግ በቀጥታ አይተላለፍም። እንቁላሉ በበግ ፍግ ወደ ረግረግ ይወርዳል፤ እዚያ ተፈልፍሎ፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ በጭቃ ዳር የምትኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፤ በውስጧ ተባዝቶ ይወጣና ሣር ላይ ይጣበቃል፤ በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። በቀንድ አውጣዋ ውስጥ ለማደግ ትሉ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ስለሚፈልግ፣ ከመሐል ሜዳ ውርጫማ አናት ይልቅ ዝቅ ያሉት ጨፌዎችና የወንዝ ዳሮች ይበልጥ ይጠቁበታል። እዚህ ላይ ነው ዳክዬዋ የምትገባው። ዳክዬ ቀንድ አውጣ ትወዳለች፤ በጭቃ ዳር መንቆሯን እያንሿሿች ስትሄድ ዶሮ ፈጽሞ የማትደርስበትን ትለቅማለች። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሩዝ ማሳዎች ላይ ዳክዬን ለዚሁ ሥራ ማሰማራት የቆየ ልማድ ነው። ደግሞም እንደ ዶሮ አትበታተንም፤ ባንድ ላይ ትሄዳለች፣ በዘንግ ትነዳለች። በግ ሲጠብቅ ያደገ የመንዝ ልጅ ዳክዬ መንዳት ማንም ሳያስተምረው ይችላል። ባቄላና ጎመን ማሳም ውስጥ አትጭርም፤ ዶሮ ሥር ስትፈነቅል፣ እሷ ትሉንና ተባዩን ለቅማ ታልፋለች፤ ለስላሳ ቅጠል ግን አትምርም።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ቀንድ አውጣውን ታሳንሳለች እንጂ አታጠፋም፤ በጉ በወቅቱ መድኃኒት መዋጡ፣ ከረግረግ መራቁ አይቀርም። እንዲያም ሆኖ፣ ዳክዬ በመንዝ የሚገባት ሥራ አለ ከተባለ የዶሮን ቦታ መውሰድ ሳይሆን ይህ ነው።

ነገር ግን ዳክዬዋን ማን ይበላታል? እንቁላሏንስ ማን ይገዛል?

በመንዝ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው፤ የውሃ ወፍ አይበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ና ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 የማይበሉትን ወፎች ይዘረዝራሉ፤ ሰዉ ግን ዳክዬን ሲተዋት ዝርዝሩን ገልጦ አይደለም፤ ጣቶቿ በቆዳ የተያያዙ፣ እግሯ ያልተለየ መሆኑን አይቶ ነው። ያንኑ ኦሪት የሚጠብቁት አይሁድ ዳክዬንም ዝይንም ይበላሉ፤ ስለዚህ ክርክሩን በመጽሐፍ ብቻ መፍታት ይቻላል የሚል ካለ ይድከም። ልማድ በጥቅስ አይፈርስም፤ መፍረስ አለበትም የሚል እምነት የለኝም። ይህ ልማድ ባይኖር ኖሮ ከጓሳ ረግረግ ዳር ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚግጠው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በየትም ዓለም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ሰው አጠገቡ ሲያልፍ እንዲህ ተረጋግቶ አይቆምም ነበር።

የዶሮ ገበያም ሌላ ዓለም ነው። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና የሚገዛ ሰው የሚያየው ክብደት ብቻ አይደለም። ቀዩ ይፈለጋል፣ ነጩ ይወደዳል፣ ገብስማው ዋጋ አለው፣ ጥቁሩ ለአንዳንዱ አይሆንም። ዶሮዋ አሥራ ሁለት ብልት ሆና ነው ድስት የምትገባው፤ ለእንግዳ፣ ለክርስትና አባት፣ ለአማች የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ የታወቀ ነው። ዳክዬ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ የላትም። ቻይና ምግብ ቤት ያለበት አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ አንድ ደርዘን እንቁላል በጣርማ በር በኩል ይዞ የሚሄድ ነጋዴም የለም። እንቁላሉን ቤተሰቡ ይብላው እንዳይባል ጾሙ አለ፤ ምእመን የዓመቱን ግማሽ ያህል ቀን ይጾማል። ዶሮዋ በጾም ወቅት ብትታቀፍ የማንም ኪሳራ አይደለም፤ በየቀኑ የምትጥል ዳክዬ ግን በሁዳዴ የምትጥለው 55 እንቁላል የት ይገባል? በመንዝ ብርድ እንቁላል ለሳምንታት መቆየቱ ጥቂት ቢያግዝም፣ የማይሸጥ ነገር ቢቆይ የማይሸጥ ሆኖ ነው የሚቆየው።

አንድ ተቃውሞ ይቀረኛል፤ ከሁሉም የሚከብድብኝም እሱ ነው። በጓሳና በአካባቢው ውሃዎች ባለ ቢጫ መንቆር የዱር ዳክዬ ትኖራለች። የቤት ዳክዬዎች አብዛኞቹ ዝርያቸው ከአውሮፓና ከእስያው የዱር ዳክዬ ነው፤ እሱ ደግሞ ከባለ ቢጫ መንቆሯ ጋር ይዳቀላል፣ ዲቃላዎቹም ይወልዳሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሰው እጅ አምልጠው የተባዙ የውጭ ዳክዬዎች የአገሩን ዳክዬ ዘር እየበረዙ ስላስቸገሩ መንግሥት እነሱን እስከ ማስወገድ ደርሷል። ሕዝቡ ከአባቶቹ ጀምሮ በጠበቀው ጓሳ ጎን እንዲህ ያለ ዳክዬ መልቀቅ ለጥቂት እንቁላል ብሎ የማይመለስ ነገር መነካካት ነው። የግድ ዳክዬ ካልያዝኩ የሚል ካለ ሙስኮቪዋን ይምረጥ፤ እሷ ከሌላ ዘር ስለሆነች ከእነዚያ ጋር ብትዳቀል ልጆቿ መካን ናቸው፣ ራሷም ትታቀፋለች።

በአማራ ክልል ዳክዬ የሚሆንበት ቦታ ፈልግ ቢሉኝ ዐይኔ የሚሄደው ወደ ፎገራ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ካስለመዱት በኋላ ሩዝ በዚያ ሜዳ ሥር ሰድዷል። ጃፓን ውስጥ ታካኦ ፉሩኖ የተባሉ ገበሬ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሩዝ ማሳቸው ዳክዬ እየለቀቁ አረምና ተባይ ያስለቅማሉ፤ ኩሷም ማዳበሪያ ይሆናል። ፎገራ ውሃው አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ አረሙ አለ። የገበያው ጥያቄ እዚያም አይቀርም፤ የጣና ዙሪያ የዱር ወፎችም እንዲሁ። ቢሆንም ሙከራው የሚገባው እዚያ እንጂ 3,000 ሜትር ላይ አይደለም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ መሐል ሜዳ ላይ ዶሮዋ ትቆይ። ዳክዬ እንድናመጣ ያሳሰበን ፈንግል ከሆነ፣ ለፈንግል ርካሽ መድኅን አለ፤ እሱም ክትባት ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው፣ የፈንግል ክትባቶችን ያመርታል። ከእነዚህ መካከል አይ-2 የሚባለው አውስትራሊያ ውስጥ በተለይ ለገጠር ዶሮ ተብሎ የወጣ ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ ደረቁ ክትባት ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት ይቆያል፣ በአንድ ዐይን አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ለጫጩትም ለአውራም መጠኑ ያው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ወረዳ፣ በተለይም እንደ መንዝ ባለ ብርዳማ አገር፣ ከዚህ የሚመች ክትባት የለም።

ክትባቱ ያልታመመችን ይጠብቃል እንጂ የታመመችን አያድንም፤ ዶሮ መሞት ከጀመረ በኋላ መሮጥ ዋጋ የለውም። ኃይሉም ስለሚደክም በየአራት ወሩ መደገም አለበት። መስከረም፣ ጥርና ግንቦት ብሎ መያዝ ለማስታወስ አይከብድም፤ የግንቦቱ ክረምት ሳይገባ ይደርሳል። ከገበያ የተገዛች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፤ ፈንግል ብዙ ጊዜ ቤት የሚገባው በእሷ ነው። የታመመችውን አርዶ መብላትና ላባዋን ደጅ መጣልም በሽታውን ለጎረቤት ማካፈል ነው፤ የሞተችው በጥልቅ ትቀበር። ደግሞም አንዱ ብልቃጥ ለአንድ ቤት ዶሮ ከሚያስፈልገው እጅግ የሚበልጥ መጠን ይይዛል፤ ከተበጠበጠ በኋላም የዚያኑ ዕለት ማለቅ አለበት። ስለዚህ በመጪው ግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጥል፣ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ብልቃጡን አዋጥታችሁ ግዙ፤ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቀን አስቆርጡ፤ ዶሮዎቹም ከቆጥ ሳይወርዱ በሌሊት ተይዘው ይከተቡ።